«ሲስተም የለም» በተባለ ቀን
ተራ ቤተሰብ ለትልቅ የሳይበር ጥቃት ስለሚዘጋጅበት መንገድ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

በዚህ ንግግር ማስታወቂያ ላይ «የሳይበር ጥቃት» የሚለውን ያነበበ ሰው ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ኮምፒውተር የማወራው ጥቂት ነው። ይበልጡን የማወራው ስለ ጀሪካን፣ ስለ ጥሬ ብር፣ በወረቀት ስለተጻፈ ስልክ ቁጥርና ስለ ጎረቤት ነው።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። በአገር ደረጃ ትልቅ ጥቃት ደርሶ ባንክ፣ ስልክ፣ መብራትና ውሃ በአንድ ላይ ወይም በተከታታይ ቢቋረጡ፣ አንድ ቤተሰብ ለጥቂት ቀናት ሳይራብ፣ ሳይጠፋፋና ሳይታለል የሚሰነብትበትን መንገድ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። የምለው ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ነገር ነው፦ ቤታችሁ ያለ እነሱ ውሎ ማደር ለማይችልባቸው ነገሮች ሁሉ፣ ኔትወርክ የማይፈልግ፣ በእጅ የሚሠራ ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ጥቃት ከሩቅ ተነሥቶ ቤታችን እንዴት እንደሚደርስ እናያለን። በሁለተኛው የቤት ውስጥ ዝግጅቱን በገንዘብ፣ በግንኙነት፣ በጓዳና በሰነድ ከፍለን እንመለከታለን። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን፣ በግርግር መካከል ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና ጎረቤት ለጎረቤት የሚሆነውን መከታ አነሣለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የሳይበር ጥቃት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ስልካችን ተጠልፎ ፎቷችን ወይም ገንዘባችን ሲወሰድ ነው። እሱም አለ። አገር የሚያንገዳግደው ጥቃት ግን እናንተን ፈልጎ ቤታችሁ አይመጣም። የሚመታው የማታውቁትን መሥሪያ ቤት ነው፤ እናንተ የምታውቁት መብራቱ ሲጠፋ ወይም ስልኩ ዝም ሲል ብቻ ነው።

በደንብ የተጠና አንድ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በምዕራብ ዩክሬን ኢቫኖ ፍራንኪቭስክ በተባለው አካባቢ በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበረ ተረኛ ሠራተኛ እንግዳ ነገር አየ። ማውዙን ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች። ቀስቷ የማከፋፈያ ጣቢያዎችን መስመር አንድ በአንድ ስታቋርጥ ሠራተኛው ሊያስቆማት ታገለ፤ ወዲያው ከሲስተሙ ተባረረ፤ ተመልሶ ለመግባት ቢሞክር የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። በዚያ ቀን ሦስት ኩባንያዎች ተመቱ፤ 225,000 ያህል ደንበኞችም በክረምት ብርድ መብራት አጡ። ጠላፊዎቹ በዚህ አልበቃቸውም። የደንበኞች ጥሪ መቀበያ ስልኮችን በሐሰተኛ ጥሪ ስላጨናነቋቸው፣ መብራት የጠፋበት ሰው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ የሚጠይቅበት መስመር እንኳ አጣ።

በሩ የተከፈተላቸው ከወራት በፊት ነበር። ለሠራተኞች በኢሜይል የተላከ፣ የሥራ ደብዳቤ የሚመስል ሰነድ ተከፈተ፤ ጠላፊዎቹም በዚያ ገቡ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የገቡበት መንገድ ብቻ ሳይሆን መብራቱ የተመለሰበት መንገድ ነው። መብራቱ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሷል። የተመለሰው ኮምፒውተሩ ተጠግኖ አልነበረም። ሠራተኞቹ መኪና አስነሥተው ወደየጣቢያው ሄዱና መስመሩን በእጃቸው አገናኙት። በእጅ የሚሠራው አሮጌው ማብሪያ ማጥፊያ ገና አልተነቀለም ነበርና ከተማውን አዳነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚያው አገር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2023 ጠዋት፣ ወደ 24 ሚሊዮን የሞባይል ደንበኞች ያሉት ኪየቭስታር የተባለው ትልቁ የስልክ ኩባንያ ተመታ። የዩክሬን የደኅንነት መሥሪያ ቤት የሳይበር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኢሊያ ቪቲዩክ በኋላ እንደተናገሩት፣ ሰርጎ ገቦቹ ቢያንስ ከዚያው ዓመት ሜይ ወር ጀምሮ በኩባንያው ሲስተም ውስጥ ተደብቀው ነበር፤ በጥቃቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችና ኮምፒውተሮች ባዶ ቀርተዋል። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ቀናት ፈጀ። ስልክ መደወል አለመቻሉ ግን የችግሩ ጅማሬ ነበር። በዚያ ኔትወርክ የሚሠሩ የክፍያ ማሽኖችና ኤቲኤሞች ቆሙ። በጦርነት ውስጥ ላለ ሕዝብ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያው በአንዳንድ ቦታ ተስተጓጎለ። በልቪቭ ከተማ የመንገድ መብራት ይታዘዝ የነበረው በዚሁ ኔትወርክ ስለሆነ፣ ሲነጋ የሚያጠፋው ጠፋና ሠራተኞች እየዞሩ በእጅ ያጠፉት ጀመር። ሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ለመግዛት ደግሞ ሰልፉ ረዘመ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው የሚነግሩን አንድ ነው። ሁሉን ነገር በአንድ መስመር ላይ ያንጠለጠለ፣ መስመሩ ሲበጠስ ሁሉን ያጣል፤ በእጅ የሚሠራ መንገድ ያስቀረ ግን ቶሎ ይነሣል። ይህ ለኩባንያ እውነት እንደሆነ ሁሉ ለቤትም እውነት ነው።

«ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ካለ፣ ጉዳዩ ከበራችን ውጭ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ አጠራሩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች ከሕዳሴ ግድብ ጋር በተያያዘ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን ለሕዝብ አስታውቋል። ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጥቃት ያልነበረ አጋጣሚ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር አንዳንድ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ባንኩ ገልጿል። ሆኖም አገልግሎቱ በተቋረጠበት ቅዳሜ ጠዋት ሀብቱን ሁሉ በካርዱና በስልኩ ይዞ ለገበያ ለወጣ ሰው፣ ጥቃትም ሆነ ብልሽት ልዩነት የለውም፤ ኪሱ ባዶ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሲዘጋጅ «ማን አደረገው?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልገውም። ያንን የሚያጣራ መሥሪያ ቤት አለ። የእኛ ጥያቄ «ዛሬ ማታ ምን እንበላለን? ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣዋል?» የሚል ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። በአንድ በኩል እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንዳለ በጨለማ ዳብሶ የማያገኝ ልጅ የለንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጀሪካን ሰልፍ የቤት ዕቃ ያህል የተለመደ ነው። «ሲስተም የለም» ተብሎ ከባንክ መስኮት ያልተመለሰም ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ኑሯችን ተለውጧል። ድሮ መብራት ሲጠፋ ብሩ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ዛሬ ደመወዙም፣ የታክሲ ጥሪውም፣ የቤት ኪራዩም፣ ለእናት የሚላከውም በስልክ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ እንኳ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ሰልፍ ቀንሷል፣ ጊዜ ተርፏል። ነገር ግን ቀድሞ ለየብቻ ይጠፉ የነበሩት ዛሬ ተያይዘው ሊጠፉ ይችላሉ። የድሮው ልማዳችን የለመደው አንድ ነገር ሲጎድል በሌላው መተካትን ነው፤ ሁሉም አብሮ ሲጎድል ግን ተጨማሪ ዝግጅት ይጠይቃል።

በገንዘብ ልጀምር። የኔዘርላንድስ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 ለዜጎቹ የሰጠው ምክር ለእያንዳንዱ አዋቂ 70፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 30 ዩሮ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ይኑር የሚል ነው፤ ለ72 ሰዓት ያህል እንዲበቃ ታስቦ። የእኛን ልክ የምታወጡት እናንተው ናችሁ። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ የሳምንቱን ዳቦ፣ ወተት፣ ትራንስፖርትና መድኃኒት ደምሩ፤ የምታገኙት ድምር ነው የቤታችሁ ልክ። ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ ማከማቸት ለሌባም ለኑሮ ውድነትም መስጠት ነው። ስለ ብሩ ዓይነትም ላስታውስ፦ ባለ 10 እና ባለ 50 ይሁን። ሰፈሩ ሁሉ ባለ 200 ይዞ ሱቅ ሲሄድ ባለ ሱቁ መልስ ከየት ያመጣል? የሚቻለው ሰው ደግሞ ሂሳቡን በሁለት ባንክ ይክፈል፤ የአንዱ ሲስተም ሲወድቅ የሌላው ሊሠራ ይችላል። የባንክ ደብተር ያላችሁም አትጣሉት። ከሰፈር ሱቅ ጋር ያለ የዱቤ ደብተርም የሁለተኛ መንገድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባለ ሱቁ በስም የሚያውቃችሁ ከሆነ፣ ኔትወርክ ጠፋም አልጠፋ ሽሮ ትበላላችሁ።

ባንክ ኖሮ ብር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ መካከል ተምሮ የወጣ ወገን አለ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት በትግራይ ባንክም ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው፣ በሂሳቡ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዛት አቅቶት ኖሯል። ያ የጦርነት እንጂ የሳይበር ጥቃት ውጤት አልነበረም፤ የትኛውም የቤት ዝግጅትም ለዚያን ያህል ጊዜ አይበቃም። ግን በቁጥር የተጻፈ ገንዘብና በእጅ ያለ ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ቀጥሎ ግንኙነት ነው። እስቲ አሁን በልባችሁ የባለቤታችሁን፣ የልጃችሁን፣ የእናታችሁን ስልክ ቁጥር ጥሩ። ስንቶቻችን ሦስቱንም እንጨርሳለን? ስልኩ ያስታውሳል ብለን እኛ ረስተናል። ስለዚህ ነገ ልታደርጉት የምትችሉት ቀላሉ ሥራ ይህ ነው፦ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ አሥር ቁጥሮች ጻፉ፤ አንዱ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ፣ አንዱ በቦርሳ፣ አንዱ በልጁ ደብተር ሽፋን ውስጥ ይግባ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ብላችሁ ጨምሩበት። ስልክ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የቅርቡ ጤና ጣቢያና ፖሊስ ጣቢያ በእግር በየት እንደሚኬድ ልጆች ሳይቀሩ ይወቁ።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ስምምነት ያስፈልጋል። ስልክ ከጠፋ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ማን ነው? እሱ ካልደረሰስ? ሁላችንም የምንገናኘው የት ነው? መልሱ አንድ ቦታና አንድ ሰው ይሁን፤ «የአያት ቤት» ቢባል ይበቃል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ እሱን መልእክት ማቀበያ አድርጉት። አንዳንዴ ከሰፈር ሰፈር ያልተገኘው ጥሪ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቴል አቪቭ ይገኛል፤ ሁሉም ለእሱ «ደኅና ነኝ» ካለ፣ እሱ ለሁሉም ያደርሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመንግሥት ውሳኔ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ በቴሌግራምና በኢሞ ብቻ መነጋገር የለመዱ ቤተሰቦች ሲጨነቁ፣ መደበኛ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠው የነበሩት ግን ድምፅ ለድምፅ ይሰማሙ ነበር። ለዜና ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ እንደ ዕቃ አትናቁት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል መብራት ሲጠፋባቸው፣ ያም ጥቃት ባይሆንም፣ የሠለጠነ ስልክ የያዘ ሕዝብ ትንሽ ሬዲዮ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ታይቷል።

ሦስተኛው ጓዳው ነው። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት እናት ቤት እንግባ። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ምድጃውም እንደዚያው። ውሃውን ከታች ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋው ሞተር የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሮቶው እስኪያልቅ ውሃ አለ፤ ከዚያ የለም። በዚህች ቤት አምስት ሰው ቢኖር፣ ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንይዝ፣ ለሦስት ቀን 60 ሊትር ነው፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ንጹሕ ሆነው፣ ተከድነው፣ በየጊዜው ውሃቸው እየተቀየረ ጥግ ላይ ይቁሙ። ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ የሚሆነው ከዚህ ሌላ ነው።

ምግብን በተመለከተ ከማንም መማር አያስፈልገንም። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ለመንገደኛና ለዘማች የተፈጠሩ፣ እሳት የማይጠይቁ፣ ቶሎ የማይበላሹ ስንቆች ናቸው። አንድ ቆርቆሮ በሶና አንድ ከረጢት ቆሎ ያለው ቤት ሦስት ቀን አይደነግጥም። የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በየቤቱ ባሠራጨው መጽሔት ሕዝቡ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ራሱን እንዲችል ሲመክር፣ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሳይበሰል ወይም በቀላሉ ተዘጋጅቶ የሚበላ ምግብ ነው፤ የእኛ አያቶች ያንን በአገልግል ይዘውት ሲዞሩ ኖረዋል። ለማብሰል ከሰል ወይም የላምባ ምድጃ የምትይዙ ግን ይህን አደራ ስሙኝ፦ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። የማይታየው መርዙ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ጄኔሬተርም ከቤት ውጭ እንጂ ኮሪደር ላይ አይነሣም። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑረው፤ ፋርማሲውም የሚሠራው በሲስተም ነውና።

አራተኛው ሰነድ ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ጋና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። የተሰራጨው በአገሪቱ ብዙ ድርጅቶች ለግብር ሥራ በሚጠቀሙበት የሂሳብ ሶፍትዌር በኩል ነበር። ከተመቱት አንዱ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ማርስክ ነው። በመላው የኩባንያው ኔትወርክ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት ዋና ሰርቨሮቹ፣ በየአገሩ ያሉት ሁሉ፣ እርስ በርስ የተገናኙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። የቀረ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም በጋና ቢሮ የነበረው ነው። ለምን ቀረ? ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ስለተቋረጠ! የጋናው ሠራተኛ ወደ እንግሊዝ የሚያስገባ ቪዛ ስላልነበረው ዲስኩን ናይጄሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወስዶ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ ያም ወደ ለንደን አበረረው። ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና የጫነው ከዚያ በመነሣት ነው፤ ጉዳቱም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ከዚህ የምንማረው ቅጂ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከዋናው ጋር ያልተገናኘ ቅጂ መኖር አለበት። በቤታችን ሲተረጎም የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የመታወቂያ ቅጂ በወረቀት ሆነው በአንድ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ይቀመጡ። ፎቷቸው ደግሞ በፍላሽ ተገልብጦ ሌላ ቤት፣ እምነት በሚጣልበት ዘመድ ዘንድ ይደር። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ግን ቅጂ አይባልም። የይለፍ ቃልን ነገር ባጭሩ ልለፈው፦ የኢሜይላችሁና የባንካችሁ የይለፍ ቃል አንድ አይሁን፤ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ስልኩ «አድሰኝ» ሲላችሁ አድሱት። አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ደግሞ አንድ የተረሳ የይለፍ ቃል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል።

በዚሁ ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ ሰዎች ገባሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2021 በአሜሪካ ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ መስመር በጠላፊዎች ተመታ። 8,850 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መስመር የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ግማሽ የሚጠጋ ነዳጅ ያደርስ ነበር። ጠላፊዎቹ የገቡት ሥራ ላይ በማይውል አንድ አሮጌ መግቢያ፣ በአንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረበትም። ኩባንያው መስመሩን ዘጋ፤ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማም ከፈለ። ለዛሬው ርዕሳችን የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነዳጅ ወዲያው አላለቀም ነበር፤ ያለቀው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ለመቅዳት ሲወጣ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበር እየነዱ በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማ አብዛኛው ማደያ ደረቀ። ነገሩ እስከዚህ ደረሰ፤ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን «ቤንዚን በፕላስቲክ ከረጢት አትቅዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሕዝቡ ማውጣት ነበረበት። በጠላፊ ምክንያት የዘጋውን ቧንቧ ኩባንያው በቀናት ከፈተው፤ ማደያውን ባዶ ያደረገው ግን ሽሚያው ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መዘጋጀት ራስን ብቻ ማዳን አይደለም። ዛሬ በዝግታ አንድ አንድ ኪሎ እየጨመረ የገዛ ሰው፣ በጭንቁ ቀን ሰልፉን አያስረዝምም፤ ያልገዛው ምስኪን እንዲያገኝ ቦታ ይለቃል። ወሬ ማባዛትም እንደ ሽሚያው ነው። «ባንኩ ሊዘጋ ነው፣ ዛሬውኑ አውጡ» የሚል ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ ለሃያ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ምንጩን ጠይቁ፤ በሬዲዮ እስኪነገር ጠብቁ።

ከወሬው ቀጥሎ የሚመጣው አጭበርባሪ ነው፤ እሱ ግርግር ይወዳል። ስልክ ይጮኻል። «እንደምን ዋሉ እማማ፣ ከባንክዎ ነው የምንደውለው። ሲስተማችን ስለተጠለፈ የደንበኞችን ገንዘብ ወደ አስተማማኝ ሂሳብ እያዛወርን ነው። አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ፤ ቶሎ ይበሉ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» ይላል ድምፁ፤ ትሑት ነው፣ ስማቸውንም ያውቃል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንብበው ሳይጨርሱ ገንዘባቸው ሄዷል። ይህን ጥቃት ለመመከት አንድም መሣሪያ አይገዛም። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን አንድ ዓረፍተ ነገር እናስጠናቸው፦ «ልጄ ይምጣና ባንኩ ድረስ እንሄዳለን» ይበሉና ይዝጉ። እውነተኛ ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። የሚያጣድፍ ሁሉ ይጠርጠር። ዛሬ የሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል ደግሞ፣ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ የምስጢር ቃል ይኑረው። «አባዬ፣ ታስሬያለሁ፣ ብር ላክልኝ» የሚል የልጅ ድምፅ ሲመጣ፣ አባት ቃሉን ይጠይቅ፤ በእርግጥ ልጁ ከሆነ ይመልሳል።

የመጨረሻው ነጥቤ እድር ነው። የሠለጠኑት አገሮች ዛሬ ዜጎቻቸውን «ጎረቤታችሁን እወቁ፣ ደካማውን ጎብኙ» እያሉ በመጽሔት ይለምናሉ። እኛ ስም ዝርዝር ያለው፣ ወርሃዊ መዋጮ ያለው፣ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር ያለው፣ በስብሰባ የሚተዳደር ተቋም በየሰፈሩ አለን። በብዙ ሰፈር ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ እየዞረ መርዶ የሚያሰማ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ በአንዳንዱም ዛሬ ድረስ አለ። ኔትወርክ፣ ባትሪና የይለፍ ቃል ሳይፈልግ በግማሽ ሰዓት ሰፈሩን ሁሉ የሚያዳርስ ከዚህ የተሻለ የመልእክት ሥርዓት አላውቅም። ብዙ እድሮች እሱን አሰናብተው መልእክት በስልክ ማስተላለፍ ጀምረዋል፤ የስልኩ ይቀጥል፣ ጥሩምባውም አይጣል። እንደ ዩክሬኖቹ የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ቁጠሩት።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በቤታችሁ በዚህ ሳምንት ወረቀቱን ጻፉ፣ ጀሪካኑን ሙሉ፣ ዝርዝር ብሩን ለዩ፣ የምስጢር ቃሉን ተስማሙ፤ ለወጣቶች ደግሞ የወላጆቻቸውን ስልክ ደኅንነት የማጠናከሩን ሥራ ስጧቸው። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይም እጅ አውጥታችሁ አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስደው ማን ነው? የጉድጓድ ውሃ ወይም ጄኔሬተር ያለው ማን ነው? ስልክ በጠፋ ቀን የማንን በር ማን ያንኳኳል? ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ በጸሐፊው መዝገብ ውስጥ ከገባ፣ ያ ሰፈር ለክፉ ቀን ማንንም ሳይጠብቅ መነሣት ይችላል።